ሐተታ በእንተ መሐላ፤ የእግዚአብሔር ስም በታማኝነት ቃል ላይ ስለ መጨመሩ (ሕዝቅኤል ምዕራፍ 17)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፥ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

ነቢዩ ሕዝቅኤል በ17ኛው ምዕራፍ ስለ ሁለት ንስሮች፥ ስለ አርዘ ሊባኖስና ስለ ወይን በምሳሌ የተናገረው ቃል በትርጓሜ ቤት ሲነገር፥ አንደኛው ንስር የባቢሎን ንጉሥ፥ ሁለተኛው ንስር ፈርዖን፥ ወይኑም ሴዴቅያስ እንደ ሆነ ይነገርና ነገሩ በዚያ ያልፋል። ይህ ትርጓሜ የቀና ነው፤ ነቢዩም ራሱ ፈትቶታል። ዳሩ ግን ከቁጥር 11 እስከ ቁጥር 21 ያለው ክፍል ለካህናትም ለመኳንንትም ከምሳሌው ፍቺ ይልቅ የሚከብድ ጥያቄ ይዟል። ይኸውም አንድ ሰው ለምድራዊ ንጉሥ ታማኝ እሆናለሁ ብሎ በሚሰጠው ቃል ላይ የእግዚአብሔር ስም በተጨመረ ጊዜ፥ ያ ቃል ከዚያ ወዲያ የማን ገንዘብ ይሆናል የሚል ነው።

ጥያቄው የሩቅ አገር ጥያቄ አይደለም። ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጀምሮ እስከ 1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ድረስ በኢትዮጵያ ስለ መንግሥት ታማኝነት በእግዚአብሔር ስም ተምሏል፥ መሐላው ተፈትቷል፥ ስለ እርሱም ተወግዟል። በበጌምድርም ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው ያደረጉት ራስ ጉግሣ ወሌ በ1922 ዓ.ም. የወደቁት በጦርና በግዝት መካከል ነው። ስለዚህ በዚህ ክፍል ከመጽሐፉ ንባብ ተነሥቶ የእነዚያ መሐላዎች አገባብ ይመረመራል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ናቡከደነፆር ኢየሩሳሌምን ይዞ ንጉሡን ኢኮንያንን ወደ ባቢሎን በወሰደ ጊዜ በፈንታው አጎቱን ማታንያን አነገሠ፥ ስሙንም ሴዴቅያስ ብሎ ለወጠው፤ ይህ በነገሥት ራብዕ በ24ኛው ምዕራፍ ተጽፏል። በዜና መዋዕል ካልዕ በመጨረሻው ምዕራፍ ደግሞ በእግዚአብሔር ስም አስምሎት እንደ ነበረ ተጽፏል። ማታንያ ማለት የእግዚአብሔር ስጦታ ማለት ነው፤ ሴዴቅያስ ማለት የእግዚአብሔር ጽድቅ ማለት ነው። ገዢው ስጦታ መባልን አስቀርቶ ጽድቅ መባልን የሰጠው፥ በተጠራ ቍጥር የገባው ቃል እንዲታሰበው ነው። ምነው ናቡከደነፆር ጣዖት አምላኪ ሲሆን በእስራኤል አምላክ አስማለው ቢሉ፥ በቤል ቢያስምለው አይፈራውምና በሚፈራው ያዘው። አንድም ሕዝቡ ንጉሣቸው በአምላካቸው ስም እንደ ማለ ሲሰሙ ለመሸፈት ልባቸው እንዲታክት ነው። በሁለቱም ቢተረጐም የስሙ መጨመር ከአምልኮ የመጣ አይደለም፤ ከመንግሥት ብልሃት የመጣ ነው። ስሙን በመሐላው ላይ ያስጨመረው ነቢይ አይደለም፥ ካህንም አይደለም፤ ኋላ ቤተ መቅደሱን ያስቃጠለው ንጉሥ ነው።

ሴዴቅያስም ፈረስና ብዙ ሕዝብ እንዲሰጡት ወደ ግብጽ ላከ፥ ቃሉንም አፈረሰ። በሰው ፍርድ ቢታይ ምክንያት አያጣም ነበር፤ መሐላው በግድ የተገባ ነው፥ አስማዩ አረማዊ ነው፥ አገሩም ተይዟል። ለአገሩ ነፃነት ተነሣ ብሎ የሚያመሰግነው ሰው ዛሬም አይጠፋም። የእግዚአብሔር ቃል ግን ይህን ሁሉ ምክንያት ይዘጋል። በቁጥር 16 መሐላውን የባቢሎን ንጉሥ መሐላ አድርጎ ይጠራዋል፤ በቁጥር 19 ግን ያንኑ መሐላ የራሱ መሐላ፥ ያንኑ ኪዳን የራሱ ኪዳን ብሎ ይጠራዋል። በሦስት ቁጥር መካከል የመሐላው ባለቤት ተለወጠ። መሐላውን የተቀበለው ናቡከደነፆር ነበረ፤ ስሙ ከተጠራ በኋላ ግን ባለቤቱ ስሙ የተጠራው አምላክ ሆነ። ኢያሱ ወልደ ነዌና የእስራኤል አለቆች ለገባዖን ሰዎች የማሉት መሐላ በተንኰል የተገኘ ሲሆን አለመሻሩ፥ ሳኦል ግን ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ ሻረው በዳዊት ዘመን ሦስት ዓመት ረኃብ መሆኑ፥ ያንኑ ያጸናል።

ከዚህ የሚወጣው ነገር ሁለት ወገን አለው። የማለው ሰው፥ ያስማለኝ አረማዊ ነው ብሎ መሐላውን ሊያቀለው አይችልም። ያስማለውም ሰው መሐላው የእኔ ነው ብሎ ሲወድ ሊያከብደው፥ ሲወድ ሊያቀለው አይችልም፤ ከእጁ ወጥቷልና። የመጀመሪያው ወገን በስብከት ብዙ ጊዜ ይነገራል፤ ሁለተኛው ግን ሲነገር እምብዛም አይሰማም። ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም፤ በዐደባባይ የሚያስተምረው ሰው የሚቀመጠው ከሚያስምለው ጌታ አጠገብ ነው።

እዚህ ላይ፥ ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ መሐላን ከከለከለ፥ ያዕቆብም በመልእክቱ ይህንኑ ከደገመ፥ ስለ መሐላ ቃል አገባብ መመርመር ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይነሣል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በ387 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች ቍጥር የአንጾኪያ ሰዎች የንጉሠ ነገሥቱን የቴዎዶስዮስን ምስሎች ገልብጠው ቅጣቱን በፍርሃት ሲጠባበቁ፥ ኤጲስ ቆጶሳቸው ፍላብያኖስ ሊማልድ ወደ ቍስጥንጥንያ ሄደ፤ በከተማው የቀረው ካህን ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በዚያ ጾም በየስብከቱ ያስተማረው መሐላን ስለ መተው ነበረ። ሕዝቡ የንጉሥ ቍጣ ሲያስጨንቀው፥ አፈ ወርቅ ታማኝነታቸውን በአዲስ መሐላ እንዲያድሱ ሳይሆን አፋቸውን ከመሐላ እንዲከለክሉ መከራቸው። ነገር ግን ጳውሎስ ወደ ዕብራውያን በጻፈው በ6ኛው ምዕራፍ ሰዎች ከእነርሱ በሚበልጥ እንደሚምሉና ክርክርም በመሐላ እንደሚያበቃ ይናገራል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን በፍርድና በሹመት ጊዜ መሐላን ጨርሳ አልከለከለችም። ቢሆንም የጌታ ትእዛዝ በፊት የቆመ ስለ ሆነ፥ ምክንያቱን ማስረዳት የሚገባው ስሙ ይጨመር የሚለው ወገን ነው እንጂ፥ ይቅር የሚለው ወገን አይደለም።

በኢትዮጵያ የእግዚአብሔርና የንጉሥ ስም በአንድ መሐላ መገናኘታቸው የቆየ ልማድ ነው። ምኒልክ ይሙት፥ ኃይለ ሥላሴ ይሙት ማለት በገበያና በችሎት የተለመደ ነበረ፤ በንጉሡ አምላክ ብሎ ባላጋራን ማቆምም እንዲሁ። ዮሴፍ በኦሪት ዘፍጥረት በ42ኛው ምዕራፍ ወንድሞቹን ሲፈትን በፈርዖን ሕይወት ምሏል። ምነው በአምላኩ ስም አልማለም ቢሉ፥ ወንድሞቹን ሰላዮች ናችሁ ማለቱ ለፈተና የተነገረ ነበረና፥ በእንዲህ ያለ ነገር ላይ የአምላኩን ስም እንዳይጠራ ነው። የኢትዮጵያ ባላገር ግን ሁለቱን አገናኝቶ በንጉሡ አምላክ ሲል፥ አነጋገሩ ሲመረመር አምላክን የንጉሡ ያደርገዋል። የተያዘውም ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው አምላክን ፈርቶ ሳይሆን ዳኛን ፈርቶ ነው። ከዚህ ልማድ ብዙ ጉዳት መጣ ማለት አይቻልም፤ የኋለኛው ነገር የበቀለበት መሬት ግን ይህ ነው።

ከልማድ አልፎ በዐዋጅ የሆነው በዓፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ነው። በግንቦት ወር 1870 ዓ.ም. በወሎ በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ በፊት የክርስቲያኖች የሃይማኖት ክርክር በተዋሕዶ ተዘጋ። ቀጥሎም እስላም የሆኑ ሹማምንት ክርስትናን እንዲቀበሉ፥ አለዚያ ሹመታቸውን እንዲለቁ ታዘዘ፤ ለቀረውም እስላም ሁሉ የሦስት ዓመት ጊዜ ተወሰነ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለንጉሠ ነገሥቱ መታመንና በሥላሴ ስም መጠመቅ አንድ ቃል ሆኑ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ንጉሠ ነገሥቱ የክርስትና አባት ሆነዋቸው ሚካኤል ተባሉ፤ ራስ፥ ኋላም ንጉሥ ሆኑ። አመዴ ሊበን ደግሞ ንጉሥ ምኒልክ የክርስትና አባት ሆነዋቸው ኃይለ ማርያም ተባሉ። እንቢ ያሉት ተሰደዱ ወይም እንደ ሼህ ጦልሐ ተነሡ። ትእዛዙን ከተቀበሉትም ብዙዎቹ ቀን በቤተ ክርስቲያን፥ ሌሊት በመስጊድ ይጸልያሉ ተባለ።

ዓፄ ዮሐንስ ለሃይማኖታቸው የቀኑ፥ በመጨረሻም በመተማ ደማቸውን ያፈሰሱ ንጉሥ ናቸው፤ በበጌምድርም በደብረ ታቦር ተቀምጠው ገዝተዋል፥ ስማቸውም በአገሩ ይከበራል። ነገር ግን ሥራው በሕዝቅኤል ቃል ሲመዘን ይጐድላል። ናቡከደነፆር ሴዴቅያስን ያስማለው በራሱ በሴዴቅያስ አምላክ ነው፤ በማያምንበት አላስማለውም። በቦሩ ሜዳ ግን ሰው ባላመነበት ስም ቃል እንዲገባ ተገደደ። ሰው በማያምንበት ስም ቢምል ቃሉ አይይዘውም፤ ስለዚህ መንግሥቱ ከመሐላው ያተረፈው ታማኝነት የለም። ስሙ ግን በከንቱ ተጠርቷል። በኦሪት ዘጸአት በ20ኛው ምዕራፍ የተነገረው ትእዛዝ በማን ላይ ፈረሰ ቢሉ፥ በተገደደው ሳይሆን ባስገደደው ላይ ነው። አረማዊው ንጉሥ ለሰው ሕሊና ከክርስቲያኑ ንጉሥ ይልቅ ተጠነቀቀ መባሉ የሚያሳፍር ነው፤ ንባቡ ግን ከዚህ ሌላ መንገድ አይሰጥም።

የዚያ ጥምቀት ነገር በአንድ ትውልድ አላለቀም። ንጉሥ ሚካኤል ከወይዘሮ ሸዋረጋ ምኒልክ የወለዱት ልጅ ኢያሱ ነው። ዓፄ ምኒልክ በሕመም ሳሉ በ1901 ዓ.ም. ይህን የልጃቸውን ልጅ ወራሽ አድርገው ባሳወቁ ጊዜ መኳንንቱ ማሉ፤ አቡነ ማቴዎስም ቃሉን በሚያፈርስ ላይ ግዝት አሰሙ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፥ በመስቀል በዓል፥ በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት መኳንንት ልጅ ኢያሱ ወደ እስልምና ሄዷል የሚል ክስ አቅርበው ከመሐላው እንዲፈቱ ጠየቁ። አቡነ ማቴዎስ አመነቱ፤ በኋላ ግን ፈቱ። ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፥ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽ ተባሉ። ጥቅምት 17 ቀን በሰገሌ በተደረገው ጦርነት ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ፥ በሺህ የሚቈጠር ሰውም አለቀ። ልጅ ኢያሱ በእርግጥ ሃይማኖቱን ለውጦ ነበርን የሚለውን የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል። በ1870 ዓ.ም. ሃይማኖትና ታማኝነት በአንድ ባይታሰሩ ኖሮ፥ ከ38 ዓመት በኋላ በአባቱ ቤት ሃይማኖት ላይ የተነሣ ጥርጣሬ የመኳንንቱን ሁሉ መሐላ ለመፍታት አይበቃም ነበር።

አቡነ ማቴዎስ ስላመነቱ የሚነቅፏቸው አሉ። ነገር ግን በዚያ ቀን ከተደረገው ሁሉ ለነቢዩ ቃል የቀረበው ያ ማመንታት ነው። በስሙ ያሰሩትን በስሙ ሊፈቱ ሲጠየቁ ነገሩ ከበዳቸው፤ ሊከብዳቸውም ይገባ ነበር። ጌታ ለሐዋርያት የማሰርና የመፍታት ሥልጣን ሰጥቶ የለምን ቢሉ፥ ሰጥቷል። ሆኖም ያ ሥልጣን የመጋቢ ሥልጣን ነው፤ መጋቢ ደግሞ የጌታውን ገንዘብ ለአንዱ ወገን ጥቅም አይመዝንም። ንጉሡ ከሃይማኖት ቢወጣ መሐላው ይቀራል የሚል ውል ከሆነ፥ ውሉ በመሐላው ቀን በሰው ሁሉ ፊት ሊነገር ይገባዋል፤ እንዲህ ሲሆን ፈቺው የሚመረምረው ቃሉን ነው። ውሉ በመፍቻው ቀን የተገኘ እንደ ሆነ ግን፥ ሰው ሁሉ የእኔም መሐላ እንዲህ ያለ የተሰወረ ውል ይኖረው ይሆናል ብሎ ማሰቡ አይቀርም።

የበጌምድር ነገር ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለዚህ አገር የቀረበ ስለ ሆነ ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባል። ራስ ጉግሣ ወሌ የራስ ወሌ ብጡል ልጅ፥ የእቴጌ ጣይቱ የወንድም ልጅ፥ የዘውዲቱም ባል ነበሩ። ንግሥቲቱ ስትነግሥ ተለያዩ፤ ራስ ጉግሣም በግዛታቸው በበጌምድር ቀሩ። ራስ ተፈሪ በ1921 ዓ.ም. ንጉሥ ከተባሉ በኋላ የቆየው ጠብ ገነነ። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም፥ በደጃዝማች ሙሉጌታ ይገዙ ከሚመራው የመንግሥት ጦር ጋር ተዋግተው ራስ ጉግሣ ሞቱ። በሁለተኛው ቀን፥ መጋቢት 24፥ ንግሥት ዘውዲቱም ዐረፉ። ከጦርነቱ በፊት በራስ ጉግሣ ሰዎች ላይ ከአይሮፕላን ወረቀት ተበትኖ ነበረ፤ በወረቀቱም በሊቀ ጳጳሱ በአቡነ ቄርሎስና በጳጳሳቱ ስም ራስ ጉግሣን የተከተለ ሁሉ የተወገዘ መሆኑ ተነግሯል። ከዚያው ሰማይ ቦምብም ወረደ።

የዚያ ወረቀት አንባቢ ማን ነበረ? የሚበዛው የበጌምድር ጭፍራ ፊደል ያልቈጠረ ባላገር ነው። ወረቀቱን ከሜዳ አንሥቶ የሚያነብለት ካህን ወይም ደብተራ መፈለግ ነበረበት፤ ያም ካህን በዚያው ሰፈር የሚኖር፥ የዚያው ጌታ እንጀራ የበላ ነው። ጭፍራው ለራስ ጉግሣ ታማኝነት ነበረበት፤ ለንግሥቲቱም ነበረበት። በራስ ጉግሣ ወገን የሚነገረው፥ የተነሡት ስለ ንግሥቲቱ እንጂ በንግሥቲቱ ላይ አይደለም የሚል ነበረ። በሌላው ወገን ደግሞ የሚነገረው በዚያችው ንግሥት መንግሥት ስም ነው። እንግዲህ ያ ባላገር አንዱን ታማኝነቱን ሳያፈርስ ሌላውን የሚጠብቅበት መንገድ አልነበረውም፤ ስሙም በሁለቱም ወገን ተጠርቶበታል። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል በ18ኛው ምዕራፍ ስለ በደለ ወንድም ሥርዓትን ሲሠራ፥ በፊት ለብቻው እንዲመከር፥ ቀጥሎ በምስክር ፊት እንዲነገረው፥ በመጨረሻ ለቤተ ክርስቲያን እንዲነገር፥ ያን ጊዜም ባይሰማ እንዲለይ አዘዘ። ለእያንዳንዱ ባላገር ይህ ምክር መቼ ተነገረው? የተበተነ ወረቀት ጥያቄ አይቀበልም፥ መልስም አይሰማም። ጳጳሳቱ ደም እንዳይበዛ አስበው ይሆናል፤ ከዚያ ሰፈር ሸሽቶ ነፍሱን ያዳነ ሰው ስለ መኖሩም ስለዚህ ሊመሰገኑ ይችላሉ። ግን ግዝቱ ከቦምቡ ጋር ከአንድ ሰማይ በመውረዱ፥ ባላገሩ ከሁለቱ የትኛውን ፈርቶ እንደ ሸሸ የሚያውቅ የለም። የስሙ ክብር የጐደለው በዚህ ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ፥ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም.፥ አቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ ለጣልያን እንዲገዙ ሲጠየቁ እንቢ ብለው፥ ለወራሪው የሚገዛውንም ገዝተው በጥይት ተገደሉ። ያም ግዝት ስለ ታማኝነት የተነገረ ግዝት ነው። ልዩነቱ ግን ይታያል፤ የግዝቱን ዋጋ በፊት የከፈሉት ራሳቸው ናቸው፥ የሰማቸውም ሕዝብ ፊታቸውን እያየ ሰምቷል።

ስለ ሴዴቅያስ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሌላ ነገር አለ። ኤርምያስ በ34ኛው ምዕራፍ እንደ ጻፈው፥ ይህ ንጉሥ ኢየሩሳሌም ተከባ ሳለች ዕብራውያን ባሮች ሁሉ ነፃ እንዲወጡ ከሕዝቡ ጋር ቃል ኪዳን አድርጎ ነበረ። አለቆቹ እንቦሳ ለሁለት ቈርጠው በቍራጮቹ መካከል አለፉ፤ ቃል ኪዳኑ የተደረገውም ስሙ በተጠራበት ቤት ነው። ከበባው ትንሽ ላላ ሲል ያወጧቸውን ባሮች መልሰው ገዟቸው። በሕዝቅኤል ወደ ላይ ለበላዩ የማለውን አፈረሰ፤ በኤርምያስ ወደ ታች ለድኻው የማለውን አፈረሰ፤ ቅጣቱ ግን አንድ ሆኖ በአንድ ከተማ ላይ መጣ። በኢትዮጵያ የጭፍራ መሐላ ሲፈርስ ግዝት ተነግሯል፥ ጦር ዘምቷል። ጌታ ለገባሩ የገባው ቃል ሲፈርስ፥ የተወሰነው ግብር ሲጨመርበት፥ ያለ ደንብ ሁዳድ ሲያርስ፥ በደጋው ሁሉ እንዲህ ያለ ግዝት ሲበተን አልታየም። በአንዱ ወገን ብቻ የሚሠራ ስም የእግዚአብሔር ስም ሳይሆን የጌታው ማኅተም ይመስላል።

መሐላ በመንግሥት ላይ በሚገባ የተሠራበትን ምሳሌ የሚፈልግ ሰው በነገሥት ራብዕ በ11ኛው ምዕራፍ ያገኘዋል። ካህኑ ዮዳሄ ሕፃኑን ኢዮአስን ባነገሠ ጊዜ በእግዚአብሔርና በንጉሡ በሕዝቡም መካከል፥ ደግሞም በንጉሡና በሕዝቡ መካከል ቃል ኪዳን አደረገ። የቃሉ አቀማመጥ ሊታይ ይገባዋል። ስሙ በመሐላው መጨረሻ ላይ ለማጽኛ አልተለጠፈም፤ በመጀመሪያ ቆሞ ንጉሡን ከሕዝቡ ጋር እኩል ያስራል። ከዚህ የጐደለው መሐላ ሁሉ በኢዮአስ ሳይሆን በናቡከደነፆር ሥርዓት የተሠራ ነው።

በዚህ ሚዛን በ1948 ዓ.ም. የታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ከበፊቱ ይሻላል። በአንቀጽ 21 ንጉሠ ነገሥቱ በዘውዱ በዓል ራሱ በኃያሉ እግዚአብሔር ስም እንዲምል ያዝዛል፤ ሕገ መንግሥቱን እንዲጠብቅ፥ ሕዝቡን በትዕግሥት እንዲገዛ፥ የአገሩን ወሰን እንዲያስከብር፥ የቅዱስ ማርቆስን ትምህርት የተከተለችውን የኦርቶዶክስ ሃይማኖት እንዲጠብቅ፥ በመጨረሻም የእግዚአብሔርን ርዳታ እንዲጠይቅ። ንጉሥ ራሱ ቃል እንዲገባ በሕግ መጻፉ እንደ ዮዳሄ ሥራ የሚመሰገን ነው። ግን ያው ሕግ በአንቀጽ 4 የንጉሠ ነገሥቱን አካል ቅዱስ፥ ሥልጣኑንም የማይከራከሩት ብሎታል። እንግዲህ ንጉሡ ቃሉን ቢያፈርስ፥ አፈረሰ ብሎ የሚናገር ማን ነው? በአንቀጽ 21 የታሰረው በአንቀጽ 4 ተፈታ። ደግሞም በመንግሥቱ ከሚኖሩት ሕዝቦች እጅግ ብዙዎቹ እስላሞች ሲሆኑ፥ የእነርሱም ጠባቂ የሆነው ንጉሥ ሲምል የአንዱን ሃይማኖት ጠባቂነት ብቻ ይናገራል። የቦሩ ሜዳ ነገር በለዘበ ቃል ተመልሶ መጥቷል።

በዚያው ዘመን በአሜሪካን አገርም እንዲህ ያለ ነገር ሆኗል። የዚያ አገር ተማሪዎች በየማለዳው ለሰንደቅ ዓላማ የሚሉትን የታማኝነት ቃል በ1892 በፈረንጆች ቍጥር የጻፈው ፍራንሲስ ቤላሚ የባፕቲስት ሰባኪ ነው፤ ሰባኪ ሲሆን የእግዚአብሔርን ስም አላስገባበትም። በጥር 30 ቀን 1946 ዓ.ም. ጆርጅ ዶከርቲ የሚባል ቄስ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ባሉበት ስሙ ይጨመር ብሎ ሰበከ፤ በሰኔ 7 ቀንም ከእግዚአብሔር በታች የሚል ትርጉም ያለው ቃል በሕግ ተጨመረ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በዚያው ዓመት ግንቦት 20 ቀን በአገሩ ምክር ቤት ቆመው ንግግር አድርገው ነበር። ለመጨመሩ የተሰጠው ምክንያት እግዚአብሔርን ከካዱት ኮሙኒስቶች ለመለየት ነው። ይህም ናቡከደነፆር ካሰበው አይርቅም፤ ስሙ የተፈለገው ለጠላት ነው። ነገር ግን በአንድ ነገር ይበልጣሉ። ልክ ከ11 ዓመት በፊት፥ በ1943 በፈረንጆች ቍጥር በዚያው ቀን፥ ለሰንደቅ ዓላማ ቃል መግባትን ሃይማኖታቸው የከለከላቸው ልጆች እንዳይገደዱ የአገሩ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈርዶ ነበር። ስለዚህ ስሙ ቢጨመርም በስሙ የሚገደድ ልጅ በሕግ የለም። በቦሩ ሜዳ ያልነበረው በር ይህ ነው።

በኢትዮጵያ የኋለኛው ነገር በአጭር ይነገራል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ አለቆች በተነሡ ጊዜ በፓትርያርኩ በአቡነ ባስልዮስ ስም የተጻፈ የግዝት ወረቀት በአዲስ አበባ ተበተነ፤ የአንቺም ብልሃት ከ31 ዓመት በኋላ ተደገመ። በመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን ንጉሠ ነገሥቱን ለማገልገል የማሉት መኰንኖች ከዙፋናቸው ሲያወርዷቸው፥ በ1909 ዓ.ም. እንደ ተደረገው ያለ መሐላ የመፍታት ሥርዓት በዐደባባይ አልተደረገም። ሁለት ጊዜ በወረቀት ተበትኖ የነበረው ስም በሦስተኛው ጊዜ የሚፈታው ሰው እንኳ አልተፈለገም። ይህ በሰዎቹ ክሕደት ብቻ የመጣ አይደለም፤ በፊት ስሙን እንደ ጦር መሣሪያ የያዙት ሰዎችም ድርሻ አላቸው። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደነገገ። አንዳንዶች ይህን የስሙ ውርደት አድርገው ያዝናሉ፤ ሆኖም በሕዝቅኤል ንባብ ቢታይ ስሙን በግድ ከመጠራት ያሳረፈ ሕግ ስሙን አላዋረደም።

የሴዴቅያስ ፍጻሜ በነገሥት ራብዕ በ25ኛው ምዕራፍ አለ። በኢያሪኮ ሜዳ ተይዞ ወደ ሪብላ ተወሰደ፤ ልጆቹን በፊቱ ገደሏቸው፥ ዓይኖቹንም አውጥተው በሰንሰለት አስረው ወደ ባቢሎን ወሰዱት። ናቡከደነፆር ስሙን አልመለሰለትም፤ ማታንያ ተብሎ አልሞተም። ከቁጥር 22 እስከ 24 ያለው፥ እግዚአብሔር ራሱ ከአርዘ ሊባኖስ ጫፍ ለምለም ቀንበጥ ወስዶ በረጅም ተራራ ላይ እንደሚተክል የተነገረው ቃል፥ ወደ ክርስቶስ የሚተረጐም ነውና በሚቀጥለው ክፍል ይነገራል።